ማርሚታ በዕዝል

ጫጫ ድልድዩ ላይ ማርሚታዬ ወደቀ፣
እንደ ድስት ክዳን ተሽከርክሮ ወንዙ ውስጥ ዘለቀ።
ደብረ ብርሃን ገባሁ፣ ከተማው ሁሉ እየሰማኝ፣
ሕፃን እያለቀሰ፣ ውሻ እየተከተለኝ፣ ሰው እየረገመኝ።
ትራፊኩ ፊሽካውን ረስቶ፣ በአንድ እጁ ጆሮውን ደፍኖ
በሌላው ቅጣት ጻፈልኝ፣ ደብተሩን ዲኤክሷ ጣሪያ ላይ ጭኖ።

ጥላዬ በያጁ ዘንድ ሄድኩኝ፣ ከጠባሴ ወዲያ፤
ልኳንዳ ይመስላል ቤቱ፣ እንደ በሬ ጭን ተሰቅሏል ማርሚታው በዚህ በዚያ።
የፓጄሮ አለ፣ ከተገለበጠ አይሱዙ የተፈታ፣
ከዱባይ የመጣም አለ፣ አፈ ድርብ፣ እንደ ሙሽራ ቦግ የሚል በፈገግታ።

«ምን ዓይነት ድምፅ ፈለግህ?» አለኝ። እኔ ቃል አጣሁኝ።
«ወፈር ያለ… ግን የማይጮኽ… ደረት ያለው…» አልኩኝ።
«እንደ ምን?»
«እንደ መንዝ በርኖስ» አልኩት፣ ምን ማለቴ እንደሆነ ለራሴም ሳይገባኝ።

ጥላዬ ሳቀብኝ። ድሮ ዜማ ቤት ነበረ፣
ድጓውን ከግማሽ ትቶ ነው ብየዳ የተማረ።
«ማርሚታ ሦስት ነው» አለ፣ መነጽሩን ገፍቶ ወደ ግንባሩ፣
«ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ፤ ሌላው ጩኸት ነው ነገሩ።»

የፓጄሮውን አሰረልኝ፤ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ግዕዝ፣
እንደ ዳኛ ቃል ቆጥሮ የሚናገር፣ ሰው የሚያስተክዝ።
የዱባዩ አራራይ ነው፤ ያለቅሳል፣ ይለማመጣል፣
ነዳጅ ሲጨመርለት ይቀጥንና እንደ ትንኝ ጆሮ ውስጥ ይመጣል።
«እሱን ውሰድ ጋሼ!» አሉ የሰፈሩ ልጆች፣ ስልካቸውን ወድረው፤
እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ልቤ ሸፈተ። ሃምሳ ዓመትም ልጅነት አለው።

ሦስተኛው ስም የለውም። ጥላዬ ራሱ ነው የሠራው፣
ከእሳት ማጥፊያ ቆርጦ፣ ሆዱን በድስት ሽቦ የሞላው።
ከመዶሻ ብዛት አንድ ጆሮው ከደነቆረ ዓመታት አልፏል፣
ስለዚህ ካቻቢቴ በጥርሱ ነክሶ፣ ጫፉን ብረቱ ላይ ያሳርፋል፤
በአጥንቱ ያዳምጣል።
ዐይኑን ጨፈነ። ራሱን ነቀነቀ። ምራቁን ዋጠ።
«ዕዝል» አለ፣ ካቻቢቴው ከአፉ እያመለጠ።

«ዋሻ ካልገባ አይታወቅም» ብሎ ጣርማ በር ሰደደኝ።
ጉም ነበር። መብራት ባበራ ጉሙ መልሶ አበራብኝ።
መስኮቱን አወረድኩ፣ ማርሹን ወደ ሁለት መለስኩ፣
ከዋሻው አፍ ስደርስ ነዳጁን ረገጥኩ፤
ድምፁ ግድግዳውን ይዞ መጣ፣ ከኋላ ሳይሆን ከጎን፣
ብዙ ሰው መስሎ፣ አንድ ሰው ብቻ ሲሆን።
በወዲያኛው በኩል ጭላዳዎች ሣር መንጨት ትተው ቆሙ፤
ጋማው የተንዠረገገ አንዱ ከንፈሩን ገለበጠብኝ፤ አልገባኝም ትርጉሙ።

ዋጋው አራት ሺ ተኩል፣ ከነብየዳው።
ተከራከርኩ፣ ልማድ ነው። መቶ ቀነሰልኝ፤ መልሶ ለሻይ ወሰደው።

ማታ አራት ሰዓት ላይ፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው በር፣
ትርንጎ ከፈረቃ ወጣች፤ ፀጉሯ ላይ የሱፍ ብናኝ ነበር።
ስምንት ሰዓት ከሽመና ማሽን ጋር ያመሸ ጆሮ
እንኳን ማርሚታ ሊለይ፣ ስሙን አይሰማም እንደ ድሮ።
«እንዴት ነው?» አልኳት። «ምኑ?» አለችኝ።
ሞተሩን አስነሥቼ ጠበቅሁ፤ ቀና ብላም አላየችኝ።
ጫማዋን አወለቀች፤ ያበጠ እግሯን ወለሉ ላይ ዘረጋች፤
ቆይታ «ይሄን ነው?» አለች፣ ወንበሩን ደገፍ እያለች፣
«ከታች ይመጣል። ሞቅ ያለ ነው። እስከ ጉልበቴ ድረስ።»
ሌላ አልተናገረችም። እንቅልፍ ወሰዳት፣ አስፋልቱን ሳንጨርስ።

ከቤታችን በር ደረስኩ። እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ።
ካጠፋሁት ትነቃለች። የነዳጁ ቀስት ቀዩን ተሻግሮ ነበረ።
ቤንዚን ስንት እንደ ገባ አውቃለሁ። ቢሆንም
ማርሽ አስገባሁ። ዛሬ ውሻውም አልጮኸም።
እስከ ጠባሴ አንድ ዙር። ከዚያም አንድ።