አጥንት ቆጠራ

ዛግሬብ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮት ከሌለበት፣
ኔቬንካ ጎንበስ ብላ ከአጉሊ መነጽር ፊት፣
አጥንት ትቆጥራለች።
ርስት ልትሟገት አይደለም፣ ዘር ልትመዝበት፤
የሟችን ዕድሜ ነው የምትፈልግበት።

ከጎድን የተላገ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣
ብርሃን ሲያልፍበት ይነቃል የተረሳ።
ክብ በክብ ላይ ነው፤ ክብ ክብን ይበላል፤
አጥንት ዕድሜ ልኩን ይፈርሳል፣ ይሠራል።
አንዱ ሕዋስ ቆፋሪ፣ አንዱ ሕዋስ ግንበኛ፣
ሰው ሲተኛ እንኳን የማይተኙ እነኛ።
በለጋነት ዘመን ግንበኛው ይቀድማል፤
ኋላ ቆፋሪው ይበረታል፣ ግንበኛው ይደክማል።
በሴት ላይማ፣ የወር አበባዋ የነጠፈ ለት፣
ቆፋሪው ይገባል፣ በር እንደ ከፈቱለት።

ሳጥን ቁጥር ሰባ አንድ። የመጣው ከፓግ ደሴት፣
ከጨው ማሳው ዳር፣ ቡራ የሚሉት ነፋስ
ድንጋዩን ላጭቶ ሣሩን ጨው ካለበሰበት።
የቀድሞው መዝጋቢ በእርሳስ ጽፏል፦
«ወንድ። ጎልማሳ። ጫኝ ሳይሆን አይቀርም።»
የክንዱን አጥንት አይቶ፣ ውፍረቱን፣
ጡንቻ የያዘበትን ሸካራ ጠርዙን፣
ሌላ አልጠየቀም።

ኔቬንካ ዳሌውን አነሳች።
ሰፊ ነው ማዕዘኑ።
ዳግመኛ ለካች።
ሴት ናት።
ክቦቹን ቆጠረች፤ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ላይ፣
አሮጌው በአዲሱ ተውጦ፣ ጠርዙ ብቻ ሲታይ።
ስድሳን ያለፈች ሴት።

አከርካሪዋ ውስጥ ድሩ ተበጣጥሶ፣
ወና ቤት መስሏል፣ ምሰሶው አልቆ ጣራው አጎንብሶ።
(ከጎኗ የተቀበሩት ወንዶችም እንዲሁ ናቸው፤
መጽሐፍ የሴት ያለው መሳሳት እነሱንም አልማራቸው።)
ክንዷ ግን ክንድ ነው! ጨው ሲዝቅ የዘለቀ፣
ሸክሙን ያወቀ፣
ከውስጥ ቢቦረቦርም ከውጭ የጠበቀ።

ማታ እናቷን ልትጠይቅ ሆስፒታል ገባች።
ማንዳ በምንጣፍ ጫፍ ተሰናክላ ዳሌዋ ተሰብሯል፤
ሠላሳ አምስት ዓመት፣ ባንክ ቤት ወንበር ላይ፣
የሰው ገንዘብ ስትቆጥር የኖረች።
«ዕድሜ ነው ብሎኛል ሐኪሙ፤ ለሴት ደግሞ ይብሳል።»
ኔቬንካ ዝም አለች።
የእናቷን ክንድ ያዘች፤ ቀለለባት።
ስለ ሰባ አንድ ልትነግራት አሰበች፣
ምላሷ አልታዘዘላት።

ሲነጋ ላጲስ አነሳች።
«ወንድ» የሚለውን አጠፋች፣ «ጎልማሳ»ንም ደግሞ፤
«ጫኝ ሳይሆን አይቀርም» የሚለውን ግን
ተወችው፣ ባለበት ቆሞ።