ሰጋቱራ

ቅዳሜ ገበያ፣ ከውራጅ ብረት ተራ፣
ከታጠፈ ቸርኬ፣ ከጎባጣ አካፋ ጋራ፣
ፀሐይ ላይ ተጋድሞ፣
ጥርሱ የረገፈ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣
እጀታው በካላማዳሪ ዙሪያውን የታነቀ፣
የሞተር መጋዝ አየሁ።
«ይሠራል?» ብለው ቢያድግልኝን፣
«ሠርቶ ያውቃል» አለኝ።
«መቼ?»
እጁን ወደ አዘዞ አቅጣጫ ወረወረ፤
«በደርግ ጊዜ እኮ የደን ልማት ንብረት ነበረ።»
ከአራት ሺሕ ጀምረን፣ ሁለት ጊዜ ተጣልተን፣
ሦስት ጊዜ ታርቀን፣
በሁለት ሺሕ ስድስት መቶ ተለያየን።
ለጆንያው ሃያ ብር ጨመረብኝ።

እኔ የማውቀው የስፌት መኪና ነው።
አራዳ በረንዳ ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
መርፌ ሳቀና፣ ቀበቶ ሳጠብቅ፣ «ክር በጠሰ» ሲሉ
ስሰማ የኖርሁ።
ትርንጎ ጆንያውን ገልጣ፣ ቀና ብላ አየችኝ፤
«ዛፉስ?» አለችኝ።
በግቢያችን የበቀለው አንድ ጌሾ ብቻ ነው፤
እሱንም በቢላዋ ነው የምትመለምለው።

ቡሎኑ እንቢ አለኝ። ናፍጣ አጠጣሁት።
ሁለት ሌሊት ሙሉ ብቻውን ተውሁት።
በሦስተኛው ማታ፣ እንደ በቅሎ አኩርፎ፣
«ቂው» ብሎ ተፈታ፣ የእጄን ቆዳ ገፎ።
የጎኑን ክዳን ከፍቼ በጥፍሬ ብፍቀው፣
ዘይት ያቦካው ሰጋቱራ፣ እንደ ጭቃ የጠቆረ፤
ከሥሩ ግን ቀይ፣ ትናንት የተሰነጠቀ የመሰለ።
ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።
ጥድ።
ዛፉ የለ። ቆራጩ የለ።
ቁጥር ቀብቶ «ይሄኛው» ያለው የለ።
ሽታው አለ።

በክብሪት ቀፎ አድርጌ ኪሴ ከተትሁት።

አባቴ የእጅ መጋዝ ጎታች ነበር።
እሱ ካንዱ ጫፍ፣ ሙሃባው ካንዱ ጫፍ፣
አንዱ ሲስብ አንዱ ሲለቅ፣ ቃል ሳይወጣ ካፍ፣
ከግንድ ሆድ ሳንቃ ሲያወጡ ይውሉ ነበር።
ኋላ ይሄ መጣ፤ አንድ ሰው የሚይዘው፣
የሁለት ሰው ሳምንት በረፋድ የሚጨርሰው።
ሙሃባው ሑመራ ወረደ፣ ለሰሊጥ አጨዳ።
አባቴ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ።
ማታ ማታ ግን በእንቅልፉ ይስባል፣ ይለቃል፤
እናቴም፣ ሳትቀሰቅሰው፣
የብርድ ልብሱን ሌላ ጫፍ ትይዝለት ነበር።

ታዲያ ምን ነክቶኝ ነው
ለዚህ ነፍስ የምዘራው?
አላውቅም። ካርቡራተሩን በቤንዚን አጠብሁ።
ፋሻው ከባሕር ዳር በአውቶብስ ረዳት እጅ መጣ፤
ካንዴላው ከአንድ ምስኪን ሞተር ብስክሌት ወጣ፤
ለነዳጁ መስመር የወንድሜ ልጅ፣ ሆስፒታል ያለችው፣
የግሉኮስ ቱቦ፣ ታሽጎ እንዳለ፣ ደብቃ ሰጠችኝ፤
«በሽተኛው ማነው?» ብላ እየሣቀች።
ሠላሳ ስድስት ጥርስ፣ በክብ ሞረድ፣
አንድ በአንድ፣ የሕፃን ጥፍር እንደሚቆርጥ ሰው
ትንፋሼን ይዤ ሳልኋቸው።

እሑድ ከሰዓት ግቢ አወጣሁት።
ሳብሁ፣ ለቀቅሁ።
ሳብሁ፣ ለቀቅሁ።
አርባ ላይ መቁጠር ተውሁ፤ ትከሻዬ ከዳኝ።
ከዚያ ሳል። ጥቁር ጢስ። ደግሞ ሳል።
ከዚያ ያ ጩኸት፣
ቆርቆሮውን ያርገበገበ፣
የጎረቤትን ውሻ አልጋ ሥር የከተተ።
አጥሩ ላይ ራስ በራስ በቀለ፤
«የማን ዛፍ ነው? የቱ ነው የሚወድቀው?» ተባለ።
ሁሉም ሽቅብ አየ።
ሰማዩ ባዶ ነበር።

ትርንጎ ከቤት ወጣች፣ አግዳሚውን ጎትታ፣
ያን አንድ እግሩ የረዘመ፣ ዓመት ሙሉ ያንገላታን።
«ጣት ታህል» አለች በምልክት፤
ጩኸቱ ድምፅዋን ውጦታል።
ቆረጥሁ። አጠፋሁት። ተቀመጥንበት።
አሁን ደግሞ በወዲያኛው እግሩ ዘመመ።
አጥሩ ላይ ያሉት ሣቁ።
ትርንጎ አልሣቀችም።
አግዳሚውን ገልብጣ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣
ተንበርክካ ሌላውን ጫፍ ያዘች፤
«ድገመው» አለች።