ጉልበት ሲባዛ በክንድ

አሞራ ገደል፤ ከሰዓት፤ የዓሣው ገበያ ተበትኖ፣
አባ ኮዳ አንጀት ክምር ላይ እንደ ሹም ተኮፍሶ፣
እኔ በካርቶን ጀርባ፣ በእርሳስ፣
የሌዳሞን ጀልባ የመሪ ጉልበት ላሰላ ተቀምጫለሁ።

ትከሻው ከድቶታል። ሠላሳ ዓመት የያዘውን እጀታ
«ካሁን ወዲያ ሞተር ይያዝልኝ» አለ።
የቱ ሞተር?
ትንሹ ይቃጠላል፤ ትልቁ ባትሪ ይጨርሳል፤
በግምት የተገዛ ደግሞ ማዕበል ሲነሳ ዕዳ ነው።

«የመሪው ሰሌዳ፣ ወርዱ?»
«ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ።»
«ቁመቱስ?»
«ከጉልበቴ እስከ መሬት።»
ሜትር አውጥቼ ለካሁ፤ በሁለት ጣት ብቻ ነው የሳተው።

ስፋቱን ጻፍኩ። ፍጥነቱን በራሱ አባዛሁት፤
ውሃ እንዲህ ነው፤ እጥፍ ስትሮጥበት
አራት እጥፍ ነው የሚመልስ በጉልበት፤
ቂሙን መደመር አያውቅም፣ ማባዛት ነው የለመደበት።
ያን ጉልበት ደግሞ በክንድ፤
(ክንድ ማለት፣ ውሃው ከሚገፋበት ነጥብ እስከ ዘንጉ ያለው ርቀት፤
ኮሌጅ እንዲያ ነው የተማርነው)
እጀታው ጫፍ ላይ ሃያ አራት ኪሎ ወጣ።

«ጉልበት በክንድ?» ሳቀ ሌዳሞ፤
«እኔስ ሠላሳ ዓመት ምን ሳደርግ ኖርኩ ታዲያ?»

ከዓሣ ነጋዴዋ ከበየነች ሚዛን ተውሰን ገባን።
ታቦር ተራራ ከኋላችን እያጠረ፣
መንጠቆውን እጀታው ላይ አስረን፣ ሞተሩን እስከ ጥግ ሰጥተን፣
ቆሮሶ ሲመዝን የኖረ ሚዛን ሐይቁን መዘነ፤
ሃያ ሰባት።
«ሦስቱ ኪሎ ከየት መጣ?»
«የከሰዓቱ ነፋስ ነዋ። እሱን ጽፈኸዋል?»
አልጻፍኩትም።

ዳርቻው ሲጠብ የኋላ ማርሽ አስገባ።
እጀታው እንደ ወይፈን ተወራጨ፤ መርፌዋ ዘለለች።
ሸሚዙን ገልጦ ጎኑን አሳየኝ፤
ጠማማ የገጠመች አንዲት የጎድን አጥንት፤
«ይቺ ወደ ኋላ ስሄድ ነው።»

ወደ ኋላ! ካርቶኔ ላይ የሌለ መንገድ።
ውሃው በጀርባ ሲመጣ ነጥቡ ይሸሻል፣
ክንዱ ሊያጥፍ ምንም አይቀረው፤
እኔ ያሰላሁት ወደፊት ብቻ፣
እንደ ወጣት።

«እንግዲያው ትልቁ ነው የሚሻለው» አልኩ። ዋጋውን ሰማ።
ቄጠማው ውስጥ ጉማሬ ተነፈሰ፤ ሁለታችንም ዝም።
«በየነች ሚዛኗን ትፈልጋለች» አለ በመጨረሻ፣
እጀታውን በግራው እንደያዘ፤ ቀኙ አይነሳም።

ካርቶኑን ገለበጥኩት። የሳሙና ማስታወቂያ ነው።
በፊደሎቹ መሃል፣ ባዶ በተገኘበት፣
እንደገና ጀመርኩ፤ ጉልበት፣
ቀጥሎ ክንድ፣
ቀጥሎ ያ ነፋስ።