ገጽ አሥራ አንድ

ከገብርኤል አደባባይ ወደ ሐይቁ ሲወረድ፣
ከመድኃኒት ቤቱ ጎን፣ ባጃጅ ከሚሰለፍበት መንገድ፣
ሱቄ እዚያ ነው። የስንቱን ክስ፣ የስንቱን የሠርግ ጥሪ
አባዝቻለሁ ሳላነብ፤ እኔ ገጽ ቆጣሪ።

ሄስተር ዊንላው የገባች ለት ሐምሌ ነበር፤ ጎርፍ ነበረ።
ሰማንያ አራት ገጽ፣ በእርሳስ የተጫረ፤
ጃንጥላውን ለወረቀቱ ሰጥታ፣
ራሷ በስብሳ ገባች፣ ጫማዋን ደጃፍ ትታ።

አምስት መስመር፣ ደግሞ አምስት፤ በላዩ ነጥብ በነጥብ፤
ለእኔማ አሞራ ገደል የተሰጣ የላሚሶ መረብ፣
ዓሣው ተሸጦ ቅርፊቱ የቀረበት።
«ምንድን ነው?» አልኳት።
«አራት ሰው፣ አሥራ ስድስት ክር» አለች በሰባራ አማርኛ፤
ግራ ጆሮዋን ነካ አድርጋ፣ «ይሄ ጆሮ ግን ተኛ።»

ገጽ አሥር ላይ መብራት ሄደ።
እኛ ሰፈር ሰው ከሰው የሚተዋወቀው መብራት ሲሄድ ነው።
አባቷ፣ በሰሜን እንግሊዝ፣ ከምድር ሆድ ከሰል ያወጣ ነበር፤
ከመቆፈሩ በፊት የዋሻውን ጣሪያ በመዶሻ ይመታና
ጆሮውን ይሰጣል፤
ጠንካራው ዓለት ይጮኻል፣ ሊናድ ያለው ያጉተመትማል።
እሷም ግድግዳ እየመታች፣ ድስት እየመታች አደገች።
ዜማ የምትለው ያንኑ ነው፦ አንዴ ትመታለች፤
ከዚያ ዝም። ጣሪያው ምን እንደሚል ትጠብቃለች።
አርባ ዓመት እንዲህ ጻፈች፤ አንድ ባል ቀበረች፣ አንዱን ፈታች፤
ለንደን አጨበጨበላት፣ ረሳት፣ ደግሞ ጠራት።
«መልስ አልሰጠሁም» ብላ ሳቀች፣
እንደ አባ ኮዳ፣ በብርዱ ጥርሷን እያማታች።

መብራቱ ሲመጣ ላሚሶ ደረሰ፣
«መታወቂያ ብቻ ነው» ብሎ መሐል ገባ፤ ገልብጬለት ተመለሰ።
እኛም ከገጽ አሥራ አንድ ቀጠልን።

በነጋታው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች፤
ሦስተኛው መስመር ላይ፣ እርሳሷ የማያውቃት አንዲት ነጥብ አለች።
የቆሮሶ ቅርፊት! ከላሚሶ አውራ ጣት መስተዋቱ ላይ ወድቃ፣
ከገጽ አሥራ አንድ ጋር ተነሥታለች ተጣብቃ።
«በነፃ እደግመዋለሁ» ብዬ ጨርቅ ሳነሣ እጄን ያዘችኝ።
ጠረጴዛውን በጥፍሯ መታ፣ መታ እያደረገች፣
በቀኝ ጆሮዋ አዘንብላ መስመሩን ተከተለች፤
ነጥቧ ጋ ስትደርስ ቆመች።
ውጭ ባጃጆች ይጣላሉ።
እርሳሷን አወጣች፤ ለቅርፊቷ ጭራ ሠራችላት።
ሂሳቡን ሙሉ ከፈለች።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ድምፁ በስልኬ መጣ።
ጫማዬን አውልቄ የላሚሶ ጀልባ ውስጥ ገባሁ፤
ስልኩን መሐላችን አደረግን።
አራቱ ሰዎች ይመታሉ። ይጠብቃሉ።
«ያውና! የእኔ ቆሮሶ!»
አለ ላሚሶ።
«አይደለም፤ ገና ነው።»
ደግመን ከፈትነው። ሌላ ቦታ ላይ፣ «ያውና!»
በሦስተኛው ስልኩ ባትሪ ጨረሰ።
ውሃው የጀልባውን ጎን አንዴ መታ።
ሁለታችንም ጆሯችንን ሰጠን።