ሰባት ሰዓት ከሩብ

ረሆቮት፣ ድሮ ብርቱካን ለቀማ፣
ዛሬ የቤተ ሙከራ የብርጭቆ ከተማ፤
በሩ ላይ አባቴ፣ የሌሊት ጠባቂ፤
ውስጥ ደግሞ እኔ አለሁ፣ የሰዓት ጠያቂ፣
ጓንቴን አጥልቄ፣ በየሩብ ሰዓቱ
«እንዴት አደርሽ?» ብዬ የማይ ከመስኮቱ።

አየሩ ተመጦ ባለቀ ጋን ውስጥ፣
ሙቀቱ ለብርዱ ሲለቅ፣ ሲለዋወጥ፣
አለች አንዲት ሰዓት፣ የክብሪት ቤት ታክላ፣
ገና ሳትወነጨፍ ከጠፈር ታግላ።
ሳተላይት ላይ ሆና፣ ምድርን እየዞረች፣
ለመርከብ፣ ለመኪና መንገድ ልትመራ ነች።

ሊዮኒድ ነው ያለኝ የገባሁ ሰሞን፦
«ይህቺ እዚህ ትዘገይ፤ አታርሚያት አሁን።
ከላይ ስበት ሲሳሳ ጊዜው ይፈጥናል፣
በቀን ሠላሳ ስምንት ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል።
እዚህ ታች ስሕተት ናት፣ ወደ ኋላ ትቀራለች፤
እዚያ ላይ ስትወጣ ልኳን ታገኛለች።»

ሳቅሁ።
ለምን እንደሳቅሁ አልነገርኩትም።

የአባቴ የእጅ ሰዓት፣ መስታወቱ የተጫረ፣
አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ አገር ኖረ፤
አንድም ቀን ላገሩ አልዞረም ቆጣሪው፤
ጎሕ ሲቀድ አሥራ ሁለት፣ ፀሐይ ስትሞቅ አንድ ነው።
«ቀን ሲጀምር» ይላል «ቁጥርም ይጀምራል፤
በእኩለ ሌሊት ላይ ማን አዲስ ቀን ያያል?»

ዘጠነኛው ቀን ላይ፣ ከዐሥር ቀን ፈተና፣
ጥርስ አበቀለ መስመሩ፣ ወደ ላይ ቀና፤
አራት ናኖ ሰከንድ፣ ዝላይ፣ አንድ ጊዜ።
ሊዮኒድ ገረጣ፤ ኖጋን ያዛት ትካዜ።
አራት ናኖ ሰከንድ ማለት ምን መሰለህ?
ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ አንድ እርምጃ ስተህ
ቦይ ውስጥ መግባትህ ነው፣ ካርታህን አምነህ።

በነሱ አቆጣጠር፣ ሌሊት፣ አንድ ከሩብ፤
የነካት ሰው የለም፣ ማንም አልነበር ቅርብ።
«ክሪስታሉ ታሟል፤ ጋኑ ይከፈት፤
ዐሥሩም ቀን ይደገም፣ ከዜሮ፣ ከመሠረት።»

የጥበቃ መዝገብ አስመጡ፤ ገለጡ።
የአባቴ የእጅ ጽሑፍ፣ ዕብራይስጡ
እንደ ዘመመ አጥር፣ አንዱ ባንዱ ተደግፎ፦
«ሰባት ከሩብ። መብራት ተመለሰ፣ ጠፍቶ።»

ኖጋ ራሷን ነቀነቀች፦ «ጠዋት፣ በሰባቱ፣
ሁላችን ወጥ ቤት ነበርን፤ በርቶ ነበር ቤቱ።
ሽማግሌው ሕልም አይተው ነው።»

ጆሮዬ ጋለ።
የዘበኛ ልጅ ነኝ፤ ቁጥሩን ደግሜ አየሁት፤
ከሰባት ከሩብ ላይ ስድስቱን ቀነስኩት።
አንድ ሰዓት ከሩብ።

ሊዮኒድ ሮጠ ወደ ባትሪው ክፍል፤
መጠባበቂያው ነበር የደረሰው ዘግየት ብሎ፣
ለዓይን ጥቅሻ ታህል።
ክሪስታሉ ደኅና። ጋኑም አልተከፈተ።

ከሰዓት ሊዮኒድ ማስመሪያ አነሣና
መዝገቡን ዘረጋ፣ ዓይኑን አጠበበና፣
አንድ ዓምድ ጨመረ ከሁለቱ ጎን፤
«የባይህ ሰዓት» ብሎ ጻፈው ርእሱን።
ኖጋ ቅር አላት፦ «ሦስት ሰዓት ለአንድ በር?»
እውነቷን ነው፣ ይበዛል፤ ምን ይደረግ ነበር።

በማግስቱ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ካፖርቱን ደርቦ
አውቶቡስ ይጠብቃል ከአጥሩ ሥር ቀርቦ።
ነገርኩት። ዝም አለ። የእጅ ሰዓቱን አየ፤
«መብራቱ» ብሎ ጠየቀኝ «ለምን ያህል ቆየ?»
«ከዓይን ጥቅሻ በታች።»
«አዎ፣ አይቼዋለሁ።»

የፌርማታው ሰሌዳ «ደርሷል» ይላል፣ ያበራል፤
የሰማዩን ምልክት ሰሞኑን አንድ ነገር ያውካል፤
መንገዱ ግን ባዶ፣ ነፋስ ፌስታል ያዞራል።
አባቴ ሰሌዳውን አየና፣ መንገዱን አየና፣
አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ እንደገና።