ሐረጎን በአንደኛ ማርሽ

አልጋ ቁጥር አራት፦ ይማም አራጋው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ኤፍ ኤስ አር የነዳው፣
ሐረጎን በጭጋግ፣ ባንድ ዓይና መብራት
ኩርባውን በጆሮ ቆጥሮ የሚወጣት፤
ዛሬ ከአልጋው ጫፍ እስከ ሽንት ቤቱ በር
አራት እርምጃ ነው፤ አቃተው መሻገር።
“ወደ ታች አውርዱኝ፣” ብሎን ነበር ሲገባ፣
“ኮምቦልቻ አየር አለ፤ ይጠግባል ሳንባ።”

ጣቱን የነከሰች ትንሿ መቆንጠጫ
ሰማንያ አንድ ብላለች፤ አልሰጠችም ምርጫ።
ጭንብሉን ከኋላ በማሰሪያው ሳጠብቅ፣
አፍንጫው እንዳይላጥ ፋሻ ከሥር ስወሽቅ፣
ማሽኑ ሲነፋበት፣ ያ የማያባራ
ነፋስ ፊቱን ሲመታው ከየትም ሳይጠራ፣
ሁለት እጁን ሰዶ ነቀለና ጣለው።
“አፍናችሁ ልትገድሉኝ?” ዓይኑ ነው ያለው።

ምን ልበል? ትምህርት ቤት ያስያዙኝ ቃል
“ግፊት” ነው፣ “መጠን” ነው፤ ለሱ ምን ይረዳል?
የአባቴ ልጅ ነኝ፤ እሱም ሹፌር ነበር፤
ጆሮው ሥር ጎንበስ ብዬ ጀመርኩ መናገር፦

“አብሽር፣ ጋሼ ይማም። ሐረጎን ስትወጣ
ጭነቱ ከብዶት ሞተሩ ሲንጣጣ፣
አራተኛ ማርሽ ይዘህ ትታገላለህ?
አንደኛ አስገብተህ ዝም ትለዋለህ።
ይህ ነፋስ ረዳት ነው፣ ታኮ ይዞ የሚሮጥ፣
አንድ ክንድ በወጣህ ከጎማህ ሥር የሚሸጉጥ፣
ወደ ኋላ እንዳትል። ሌላ ሥራ የለው።
አትገላምጠው በቃ፤ ታኮ ሲጥል ተወው።”

ዓይኑ ተንከራተተ። ሣቀ መሰለኝ
በላስቲኩ ውስጥ፤ በጉም መሃል ታየኝ።
ቀኝ እጁ ብቻውን በብርድ ልብሱ ላይ
ማርሽ ሲያስገባ አየሁ፤ አንደኛ፣ ወደ ላይ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ። ድርግም አለ መብራቱ።
ማሽኑ ዝም። ይማም ዝም። ቆመ ሽቅብ ደረቱ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ከጓሮ ጄኔሬተሩ
እስኪያጓራ ድረስ አርባ ሁለት ቁጥሩ።
አርባ ሁለት ሰከንድ ኳሷን ጨመቅኩለት፣
ዳገት ላይ የቆመን መኪና እንደ መግፋት።

ስለ አልጋ አምስት ግን አትጠይቁኝ። ለእሱም
“ረዳት”፣ “ታኮ” ብዬው ነበር።
መኪና ነድቶ አያውቅም።

ሲነጋጋ ጭንብሉን ለአፍታ አነሳሁለት፣
የደረቀ ከንፈሩን በጥጥ አራስኩለት።
አፍንጫው ላይ ቀይ መስመር፣ እንደ ጎማ ዱካ።
“የት ደረስን?” አለኝ፤ ድምፁ ሻካራ ነው ለካ።
ቁጥሩ ዘጠና ነው። “ግማሽ መንገድ፣” አልኩት።
“ጉሙስ ተነሣ ወይ?” መስኮቱን ከፈትኩት፤
ጦሳን ፈለግሁት፣ ጦሳ በቦታው የለም።
“እንግዲያ፣” አለና ጭንብሉን ራሱ ሳበው፣
“ማርሹን አንቀይርም።”