የዘንድሮው ዝርዝር

ሃኮዳቴ፤ ትራሙ ዞሮ ቁልቁል ወደቡን ሲያይ፣
ከዓሣ ተራው አለፍ ብሎ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣
የቶሞኤ ሱቅ አለች፤ እንደ ባቡር ፉርጎ ጠባብ፤
እሷ ዋጋ ስትለጥፍ፣ እኔ ሳንቲም ስሰበስብ።

ጥር ነበር። ሰማያዊ ኮት የለበሰ ሰው መጣና
በስክሪኑ ውስጥ፣ በወግ፣ ጎንበስ ቀና አለና፣
«ዘንድሮ» አለ፣ «ለኮንሶላችን አሥራ ሁለት ጨዋታ!»
ሱቋ በአንድ አፍ ጮኸች፣ መደርደሪያው እስኪንገላታ።
ቀይ ብዕር በጥርሱ ነክሶ ኢቡኪ ወንበር ላይ ወጣ፣
ካላንደሩን በክብ ሞላው፣ አንድም ወር ክቡን ሳያጣ።

ኢቡኪ የፋብሪካ ልጅ ነው፤ የስኩዊድ ክንድ ሲቆርጥ ውሎ
ጣቱ ባሕር ባሕር እየሸተተ፣ ይመጣል ደሞዙን ይዞ ቸኩሎ።

የካቲት አንዱ ዘገየ። «ጥራቱን ልናሳምር» አሉ።
ሁለቱ ሚያዝያን ዘለው መስከረም ላይ ተንጠለጠሉ።
የሰኔው «አዲስ ነው» ተባለ፤ ገዛነው፣ ከፈትነው፤
ወይ ጉድ! በልጅነታችን የጨረስነው፣ ያው የድሮው ነው፤
ጥላው ትንሽ ረዝሞ፣ ውሃው ትንሽ አብረቅርቆ፣
አሮጌ ወይን በአዲስ አቁማዳ፣ ዋጋው ከጣራ ልቆ።
ላም አለኝ በሰማይ ሆነ፤ ወተቷን ማን ይቅመስ?
ካላንደሩም ስርዝ በስርዝ፣ እንደ ማሳ የሚታረስ።

«ከዱን!» አለ ኢቡኪ፤ «ዓመት ሙሉ የተስፋ ዳቦ!
ማስታወቂያ ማንን አጠገበ? ሰው ያድራል እንጂ ተርቦ።»
ነርሷ ናጊሳ ግን ከጥግ፣ «እኔስ አልተከፋሁም» አለች፤
«ያቺ የጉም መንደር ጨዋታ ስንት ሌሊት አሳልፋኛለች።»
ማንም አልሰማት። ቅሬታ ሲሞቅ እንደ ምድጃ ነው፤
እጁን ይዘረጋል የበረደውም፣ ያልበረደውም ሰው።

ሽማግሌው ጌንጂሮ እኛ ጋ የሚመጣው ለሙቀት ነው።
ጨዋታ አያውቅም፤ የሚያውቀው የባሕርን ፊት ነው፤
በጀልባው አፋፍ አምፖል ደርድሮ፣ ሌሊቱን ቀን አስመስሎ፣
ስኩዊድ ሲጠራ የኖረ፣ አርባ ዓመት በብርሃን አታልሎ።
«እኔም ቀን እቆጥራለሁ» አለ፤ «ሰኔ ባሕሩ ይከፈታል።
ዘንድሮ ስድስት ሌሊት ወጣሁ፤ ባልዲዬ ጎደሎ፣ ነዳጄ ይነዳል።
የናንተው ሰውዬ ደግ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይላል፤
ባሕር ለማን ጎንበስ ይላል?»

ሳቅን። ኢቡኪ አልሳቀም። ጣቶቹን አሸተተ።
ከነሐሴ ወዲህ ፈረቃው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤
ለኛ ሳይነግር ሰነበተ።

እውነቱን ልናገር፤ ኅዳር ላይ ቤቱ ሄጄ ነበር።
ከአልጋው ሥር ተደርድረዋል፣ ከነላስቲካቸው፣ ከነክብር፣
የአምናው፣ የካቻምናው፣ አሥራ ዘጠኝ ዲስክ፤ ቆጠርኩ።
አየኝ። «ጊዜ ሳገኝ» አለ።
እኔም ሌላ አልጠየቅኩ።

ታዲያ ዝርዝሩ አሳዘነን ወይ? ቶሞኤ ሒሳብ ስትዘጋ
«አሳዝኗል» አለች፤ እኔ ግን እስካሁን አልነጋልኝም፣ ነገሩ አልጠራ።
ፈረቃ ለተቀነሰበት፣ ሳምንቱ ወለል ለሌለው፣
«የፊታችን ዓርብ» የሚል ቀይ ክብ፣
እሱ ራሱ ስንት ያወጣል? ዋጋውን የት ልለጥፈው?

ታኅሣሥ አልቆ ቶሞኤ ያን ካላንደር ነቀለችው፤
ግድግዳው ላይ ነጭ ምልክት፣ አራት ሚስማር የወጋው።

ጥር። በረዶ። ያው ሰው፣ ያው ሰማያዊ ኮት መጣና
ጎንበስ አለ፤ ዘንድሮስ ይቅርታውን አስቀደመና።
«ዘጠኝ ብቻ?» ጮኸ ኢቡኪ፤ «ዘጠኝ! ስድብ ነው ለኛ!»
አዲሱን ካላንደር ግን ከእጄ ነጠቀኝ፤ እሱ ነው የመጀመሪያው ተሰላፊ፣ እሱ ነው ዳኛ፤
ወንበሩን እየጎተተ፣ ብዕሩን በጥርሱ ነክሶ።

በመስኮቱ ማዶ፣ ወደቡ ላይ፣
ጌንጂሮ መሰላል ወጥቶ
የተቃጠለ አምፖል ይቀይራል።